ወናፍና ኮምፕሬሰር

ብረትን ለማጋል እሳት ብቻውን አይበቃም፤ እሳቱን የሚያነድድ ነፋስ ያስፈልጋል። ቀጥቃጩ ከከሰል ምድጃው ጎን ሁለት የቆዳ ወናፎች አስቀምጦ አንዱን ሲጫን ሌላውን የሚያነሣው ለዚህ ነው። ወናፎቹ ሁለት የመሆናቸውም ምክንያት ግልጽ ነው። አንዱ አየር በሚስብበት ጊዜ ፍሙ ነፋስ አጥቶ እንዳይቀዘቅዝ ሌላው በዚያው ቅጽበት አየር ይገፋል። በመሆኑም ከከሰሉ ሥር የሚደርሰው ነፋስ ሳይቋረጥ ይፈስሳል። ወናፍ ነፊው ከደከመና ነፋሱ ከቀነሰ ግን ፍሙ ይደበዝዛል፤ ብረቱም ሳይግል ይቀራል። ስለዚህ የቀጥቃጩ ሥራ በመዶሻው ብቻ ሳይሆን በወናፉም ብርታት ይለካል።

በዘመናዊ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ውስጥም ይህ ሕግ አልተሻረም። ላሜራ በመጋዝ ወይም በግራይንደር ለመቁረጥ ረጅም ጊዜ የሚወስደውን ሥራ በጥቂት ደቂቃ የሚፈጽም የፕላዝማ መቁረጫ የተባለ መሣሪያ አለ። ይህ መሣሪያ ለሥራው ሁለት ነገሮችን ይፈልጋል፤ አንደኛው የኤሌክትሪክ ኃይል ሲሆን ሁለተኛው የታመቀ አየር ነው። አየሩን አምቆ የሚያቀርብለት መኪና ኮምፕሬሰር ይባላል። እንግዲህ ኮምፕሬሰር የፕላዝማ መቁረጫ ወናፍ ነው ለማለት ይቻላል። ብዙ ባለሙያዎች መቁረጫውን በጥንቃቄ መርጠው ከገዙ በኋላ ኮምፕሬሰሩን ግን እንደ ተራ ዕቃ በዋጋውና በመልኩ ይመርጡታል። በዚህም የተነሣ ውድ የሆነው መቁረጫ ነፋስ እንዳጣ ምድጃ ሆኖ ይቀራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ኮምፕሬሰር በምን መለኪያ መመረጥ እንዳለበትና የሚሠራበት ቦታም ምርጫውን እንዴት እንደሚለውጠው ማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ፕላዝማ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በረዶ ሲሞቅ ውኃ ይሆናል፤ ውኃ ሲሞቅ እንፋሎት ይሆናል። እንደ አየር ያለ ጋዝ ደግሞ እጅግ ከፍተኛ ሙቀት ሲያገኝ አቶሞቹ ኤሌክትሮኖቻቸውን ይለቅቁና ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር ይሆናል። ለዚህ ሁኔታ ፕላዝማ የሚለውን ስም የሰጠው አሜሪካዊው ሳይንቲስት ኧርቪንግ ላንግሙር ነው፤ ይህም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1928 ነበር። ከዚያ በኋላ በ1957 ሮበርት ጌጅ የተባለ ሰው ፕላዝማን በጠባብ ቀዳዳ አሳልፎ ብረት ለመቁረጥ የሚያስችል መሣሪያ በአሜሪካ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። በመጀመሪያ ጊዜ የተሠሩት መሣሪያዎች ትልልቅና ውድ ስለ ነበሩ በፋብሪካዎች ብቻ ይገኙ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በተራ አየር የሚሠሩና አንድ ሰው ሊሸከማቸው የሚችሉ ትናንሽ መቁረጫዎች ተሠርተው በየሠፈሩ በያጅ ቤት ለመግባት ችለዋል።

የመቁረጫው አሠራር በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። በመሣሪያው እጀታ ጫፍ ውስጥ ከመዳብ የተሠራ ኤሌክትሮድ አለ፤ በመዳቡም እምብርት ላይ ሃፍኒየም የተባለ ሙቀት የሚችል ብረት ተቀብሮበታል። ከኤሌክትሮዱ ፊት ለፊት በመሐሉ ጠባብ ቀዳዳ ያለው ትንሽ የመዳብ አፈሙዝ ይገኛል። የታመቀው አየር በዚህ ቀዳዳ እየተገፋ ሲወጣ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ያገኘውና ወደ ፕላዝማነት ይለወጣል። የፕላዝማው ሙቀት እስከ 20,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ስለሚችል ከሥሩ ያለውን ብረት ወዲያውኑ ያቀልጠዋል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ አለ። አየሩ የሚሠራው ሥራ አንድ ብቻ አይደለም። አንደኛ ፕላዝማ የሚሆነው ራሱ አየሩ ነው፤ ሁለተኛ የቀለጠውን ብረት ገፍቶ ከተቆረጠው መሥመር የሚያስወጣው እርሱ ነው፤ ሦስተኛ አፈሙዙንና ኤሌክትሮዱን የሚያቀዘቅዘውም እርሱ ነው። ስለዚህ አየር ሲያንስ ሦስቱም ሥራዎች በአንድነት ይጓደላሉ። የተቆረጠው ጠርዝ ይዘምማል፤ የቀለጠው ብረት ከሥር ተጣብቆ ይቀራል፤ አፈሙዙም ቶሎ ይቃጠላል።

ነገሩን በምሳሌ ለመረዳት ወደ ሱዳን ዋና ከተማ ወደ ካርቱም መሄድ ይጠቅማል። ከጣና ሐይቅ የሚወጣው ዓባይ ብዙ ሸለቆዎችን አቋርጦ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። ሁለቱ ወንዞች ከመገናኘታቸው በፊት ከከተማዋ በስተምሥራቅ በዓባይ ዳር አል-ማንሺያ የሚባል ሠፈር አለ፤ በስሙ የሚጠራ ድልድይም ሠፈሩን ከወንዙ ማዶ ጋር ያገናኘዋል። በካርቱም የግቢ በርና የመስኮት ፍርግርግ አብዛኛውን ጊዜ ከብረት የሚሠራ በመሆኑ የበያጅ ሥራ ሁልጊዜ ተፈላጊ ነው። በዚህች ከተማ ለብዙ ዓመታት በልዩ ልዩ ሥራ ተሰማርተው የኖሩ ኢትዮጵያውያንም ነበሩ። እንበልና ከእነዚህ መካከል አንድ ባለሙያ በአል-ማንሺያ አጠገብ በያጅ ቤት ከፍቶ 40 አምፔር የሆነ የፕላዝማ መቁረጫ ገዛ። በመሣሪያው ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ 5 ባር ግፊት ያለው አየር በደቂቃ 150 ሊትር እንደሚያስፈልገው ተመልክቷል። ይህ ባለሙያ ወደ ገበያ ሄዶ የትኛውን ኮምፕሬሰር ይግዛ?

ለጥያቄው መልስ ለመስጠት ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ይገባል፤ እነርሱም ግፊትና መጠን ናቸው። ግፊት አየሩ በምን ያህል ኃይል እንደሚገፋ የሚያሳይ ሲሆን የሚለካውም በባር ነው። መጠን ደግሞ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ሊትር አየር እንደሚፈስ ያመለክታል። በገበያ የሚገኝ ኮምፕሬሰር ሁሉ ማለት ይቻላል 8 ባር ግፊት ይሰጣል። በመሆኑም ግፊት ብዙ ጊዜ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው መጠን ነው። የሊትሩ ልክ የሚነገረው አየሩ ከመታመቁ በፊት በተራው አየር ውስጥ በነበረው ስፋት መሆኑንም መዘንጋት አይገባም።

በገበያ ውስጥ ለገዢው ዐይን ቶሎ የሚገባው የአየር ቋቱ ትልቅነት ነው። ባለ 100 ሊትር ቋት ከባለ 50 ሊትሩ፣ ባለ 200 ሊትሩም ከባለ 100 ሊትሩ የበለጠ ኃይል ያለው ይመስላል። ይህ ግን አሳሳች ነው። የጎሚስታውን ኮምፕሬሰር እንመልከት። ጎሚስታው አንድ ጎማ ሞልቶ ሌላውን እስኪፈታ ድረስ ብዙ ደቂቃዎች ያልፋሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ትንሹ መኪና ቀስ ብሎ ቋቱን ይሞላል። ስለዚህ ለጎሚስታ ትንሽ መኪና ትልቅ ቋት ከያዘ ይበቃዋል። የፕላዝማ መቁረጫ ግን እንደ ጎማ አይደለም፤ እስከ ሥራው ፍጻሜ ያለማቋረጥ ይተነፍሳል።

ይህን በሒሳብ ማሳየት ይቻላል። ባለሙያው በደቂቃ 90 ሊትር የሚሰጥና ባለ 100 ሊትር ቋት ያለው ኮምፕሬሰር ገዛ እንበል። ቋቱ እስከ 8 ባር ተሞልቷል፤ መቁረጫው የሚሠራው ግን ግፊቱ ከ5 ባር እስካልወረደ ድረስ ብቻ ነው። በ8 እና በ5 ባር መካከል ያለው ልዩነት 3 ባር ነው። 3 በ100 ሊትር ሲባዛ 300 ይሆናል። ይኸውም በቋቱ ውስጥ ለሥራ የሚውለው የአየር ክምችት 300 ሊትር ነው ማለት ነው። መቁረጫው በደቂቃ 150 ሊትር ይጠጣል፤ መኪናው በዚያው ደቂቃ 90 ሊትር ይተካል። በየደቂቃው የሚጎድለው 60 ሊትር በመሆኑ 300 ሊትሩ በ5 ደቂቃ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ሠራተኛው መቁረጡን አቁሞ ቋቱ እስኪሞላ መጠበቅ አለበት፤ ይህም 300 ለ90 ሲካፈል 3 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል።

አሁን ባለሙያው ነገሩን ለማሻሻል ብሎ ቋቱን ብቻ በባለ 200 ሊትር ቢለውጠው ምን ይሆናል? ክምችቱ 600 ሊትር ስለሚሆን 10 ደቂቃ ይቆርጣል። ይሁን እንጂ ቋቱን መልሶ ለመሙላት 6 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ይጠብቃል። በመጀመሪያው ከ8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ውስጥ 5 ደቂቃ ሠራ፤ በሁለተኛው ከ16 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ውስጥ 10 ደቂቃ ሠራ። ሁለቱም ሲሰሉ የሥራው ጊዜ ከጠቅላላው ጊዜ 60 በመቶ ነው። ይህም 90 ሊትር ከ150 ሊትር ያለው ድርሻ ነው። ከዚህ የምንረዳው ቋት አየር የሚያስቀምጥ እንጂ አየር የሚፈጥር አለመሆኑን ነው። ጎተራን ማስፋት ምርትን እንደማይጨምር ሁሉ ቋትን ማስፋትም የመኪናውን አቅም አይጨምርም። ቋት የሚጠቅመው አየሩ ሳይንገዳገድ እኩል እንዲፈስ ለማድረግና አየሩ ወደ መቁረጫው ከመሄዱ በፊት ጥቂት ቀዝቅዞ ውኃውን እንዲጥል ለማድረግ ነው።

እንግዲህ ዋናው ጉዳይ መኪናው በደቂቃ የሚሰጠው ሊትር ከሆነ ይህ ቁጥር በትክክል መታወቅ አለበት። እዚህም ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በብዙ ኮምፕሬሰሮች ላይ በትልቁ ተጽፎ የሚታየው ቁጥር ፒስተኑ በምላሱ የሚጠርገው ስፋት እንጂ በእርግጥ ከመኪናው የሚወጣው አየር አይደለም። አየሩ ሲታመቅ ይግላል፤ ከፊሉ በቫልቭና በፒስተን ቀለበት በኩል ያመልጣል፤ ከፊሉም ከፒስተኑ ራስ በላይ ባለው ክፍተት ውስጥ ሳይወጣ ይቀራል። በዚህም ምክንያት የፒስተን ኮምፕሬሰር በእርግጥ የሚሰጠው አየር ብዙውን ጊዜ ከተጻፈው ቁጥር ከ60 እስከ 75 በመቶ ያህሉን ነው። 250 ሊትር የሚል የተጻፈበት መኪና ምናልባት ከ150 እስከ 190 ሊትር ብቻ ይሰጥ ይሆናል። ስለዚህ ገዢው ሻጩን መጠየቅ ያለበት «ስንት ሊትር ይስባል?» ብሎ ሳይሆን «በ6 ወይም በ7 ባር ግፊት ስንት ሊትር ይሰጣል?» ብሎ ነው። ሻጩ መልስ ከሌለው የሞተሩን ጉልበት መመልከት ይረዳል። አንድ የፈረስ ጉልበት ያለው የኤሌክትሪክ ሞተር በእነዚህ ግፊቶች በደቂቃ በግምት ከ85 እስከ 115 ሊትር ሊያምቅ ይችላል። ከዚህ በጣም የበለጠ ተስፋ የሚሰጥ ጽሑፍ ሊታመን አይገባውም።

ሌላው ነጥብ ዕረፍት ነው። የፒስተን ኮምፕሬሰር ሲሠራ ብዙ ሙቀት ስለሚፈጥር ቀኑን ሙሉ ሳያርፍ እንዲሠራ አልተዘጋጀም። ቋቱ ሲሞላ ሞተሩ ቆሞ፣ ግፊቱ ሲወርድ እንደገና መነሣት አለበት። መኪናው መቁረጫው ከሚፈልገው አየር ጋር ልክ በልክ ከሆነ ግን ቋቱ ስለማይሞላ ሞተሩ ዕረፍት አያገኝም። ስለዚህ መቁረጫው ከሚፈልገው አየር በግማሽ ያህል የሚበልጥ የሚሰጥ መኪና መምረጥ ይበጃል። ለ150 ሊትር መቁረጫ 225 ሊትር ማለት ነው።

እስከ አሁን የተነገረው በየትኛውም ቦታ የሚሠራ ሕግ ነው። ነገር ግን ቦታ ራሱ በሒሳቡ ውስጥ ይገባል። ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ቆላ ናት። በበጋው መጨረሻ በግንቦት ወር የቀን ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሆናል። አየር ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሲሰፋም በአንድ ሊትር ውስጥ የሚገኘው የአየር ክብደት ይቀንሳል። ከፍታውና ሙቀቱ አንድ ላይ ሲታሰቡ በ40 ዲግሪ ሙቀት የካርቱም አንድ ሊትር አየር በባሕር ዳርቻ በ20 ዲግሪ ሙቀት ከሚገኘው አንድ ሊትር አየር 90 በመቶ ያህሉን ብቻ ይመዝናል። ለመቁረጫው የሚያስፈልገው ደግሞ ባዶ ስፋት ሳይሆን አየሩ ራሱ ነው። በዚህም የተነሣ በደቂቃ 180 ሊትር የሚሰጥ መኪና በካርቱም ቀትር የ162 ሊትር ሥራ ይሠራል። ይህ ከ150 ሊትር ስለሚበልጥ በአል-ማንሺያ ያለው ባለሙያ በዚህ መኪና መቁረጥ ይችላል፤ ቢሆንም ለዕረፍት የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው።

ሙቀቱ ሌላም ጣጣ አለው። የኤሌክትሪክ ሞተሮች አቅም በተለምዶ የሚሰላው በዙሪያቸው ያለው አየር ከ40 ዲግሪ እንደማይበልጥ በማሰብ ነው። የፕላዝማ መቁረጫውም ሳያርፍ የሚሠራበት ጊዜ የሚነገረው በዚሁ ሙቀት ነው። ስለዚህ በካርቱም ኮምፕሬሰሩ ፀሐይ በማይመታው፣ ነፋስ ግን እንደ ልብ በሚያገኝበት ጥላ ሥር መቀመጥ አለበት። ከሙቀቱ ቀጥሎ አቧራ አለ። ሱዳኖች ሀቡብ የሚሉት ነፋስ ሲነሣ ሰማዩን የሚሸፍን የአቧራ ግድግዳ ይዞ ይመጣል። አቧራው በመሳቢያው በኩል ከገባ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላቸዋል። በመሆኑም የመሳቢያውን ማጣሪያ በየዕለቱ ማራገፍና በጊዜው መለወጥ ግዴታ ነው። ኮምፕሬሰሩም ከመቁረጫው ራቅ ብሎ መቀመጥ ይኖርበታል፤ መቁረጫው ራሱ እጅግ ደቃቅ የብረት ብናኝ ያስነሣልና።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። በጦርነቱ ብዙ ቤቶችና የሥራ ቦታዎች ወደሙ፤ ተዘረፉም። ከከተማዋ ከተሰደደው ብዙ ሕዝብ መካከል በዚያ ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በመተማ በኩል ድንበር ተሻግረው ወደ አገራቸው ገብተዋል። እንዲህ ያለ ስደተኛ ንብረቱን ትቶ ቢመጣም ሙያውን ይዞ ይመጣል። በምሳሌያችን ያለው ባለሙያም ጎንደር ደርሶ ሥራውን እንደገና ለመጀመር ቢያስብና በካርቱም የነበረውን ዓይነት መቁረጫና 180 ሊትር የሚሰጠውን ዓይነት ኮምፕሬሰር ቢገዛ ምን ያጋጥመዋል?

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ አላት። አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያ ከፍ ብላ ወደ 2,350 ሜትር ትጠጋለች። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ከራሳችን በላይ ያለው የአየር ክምር እየቀነሰ ስለሚሄድ አየሩ ይሳሳል። የጎንደር አየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 77 በመቶ ያህል ሲሆን የአዲስ አበባው 75 በመቶ ያህል ነው። ከቆላ የመጣ ሰው ደጋ ላይ ዳገት ሲወጣ ቶሎ የሚያለከልከው ለዚህ ነው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው አየር ያንሳል። ኮምፕሬሰርም እንደዚያው ነው። ፒስተኑ በየምላሱ የሚጠርገው ስፋት አይለወጥም፤ በዚያ ስፋት ውስጥ የሚያገኘው አየር ግን ያነሰ ነው። በዚህ መሠረት 180 ሊትር የሚሰጠው መኪና በጎንደር የ139 ሊትር፣ በአዲስ አበባ የ135 ሊትር ሥራ ብቻ ይሠራል። መቁረጫው የሚፈልገው 150 ሊትር በመሆኑ በካርቱም ቀትር ይበቃ የነበረው መኪና በደጋው ቅዝቃዜ አይበቃም። ባለሙያው ምክንያቱን ካላወቀ መኪናው የተበላሸ ወይም ሻጩ ያታለለው ይመስለዋል። ጥፋቱ ግን የመኪናው አይደለም፤ ምርጫው ቦታውን ያላገናዘበ በመሆኑ ነው።

ስለዚህ ለተመሳሳይ ሥራ ሁለት ልዩ ልዩ ምርጫ ይደረጋል። ከላይ የተጠቀሰውን 225 ሊትር መነሻ ብናደርግ በካርቱም 225ን ለ0.90 በማካፈል 250 ሊትር የሚሰጥ መኪና ይገኛል። በጎንደር ደግሞ 225ን ለ0.77 በማካፈል 290 ሊትር ገደማ የሚሰጥ ያስፈልጋል። በካርቱም 3 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ሊበቃ ሲችል በጎንደር ወደ 4 የፈረስ ጉልበት ማሰብ ይሻላል። የኤሌክትሪክ ሞተሮች አቅም በተለምዶ የሚሰላው ከ1,000 ሜትር ለማይበልጥ ከፍታ መሆኑም ሊታወስ ይገባል፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር ደጋ ላይ ስስ ነውና። ቆላው በሙቀቱ፣ ደጋው በከፍታው ሞተሩን ይፈትኑታል።

አየር ብቻውን አይታመቅም፤ በውስጡ ያለው የውኃ ተንም አብሮት ይታመቃል። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ30 ዲግሪ ሙቀት ሊሸከም የሚችለው የውኃ ተን ቢበዛ 30 ግራም ያህል ነው። በክረምት ወቅት አየሩ የዚህን ግማሽ ማለትም 15 ግራም ይዟል እንበል። ስምንት ሜትር ኩብ አየር ታምቆ አንድ ሜትር ኩብ ሲሆን ከ120 ግራም ውኃ ጋር ይገባል። ከቀዘቀዘና ወደ 30 ዲግሪ ከተመለሰ በኋላ ግን ሊሸከም የሚችለው 30 ግራም ብቻ ስለሆነ 90 ግራሙ ወደ ፈሳሽ ውኃነት ይለወጣል። ይህ ውኃ ወደ መቁረጫው ከደረሰ ነበልባሉን ያንጠባጥበዋል፤ አፈሙዙንና ኤሌክትሮዱንም ከጊዜያቸው በፊት ያቃጥላቸዋል። ኮምፕሬሰሩ የሚያመልጠው ዘይትም ጉዳቱ ተመሳሳይ ነው። መፍትሔው በቋቱና በመቁረጫው መካከል የውኃና የዘይት ማጣሪያ ማስገባት፣ ክረምት ላይም እርጥበት በሚመጥ ቅመም የተሞላ ማድረቂያ መጨመር ነው። በቋቱ ሥር ያለውን የውኃ ማፍሰሻ በየቀኑ ሥራ ሲያበቃ መክፈት ምንም ወጪ የለውም፤ ጥቅሙ ግን ከፍ ያለ ነው።

የኤሌክትሪኩም ነገር አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ባለ 40 አምፔሩ መቁረጫ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዋት የሚወስድ ሲሆን ባለ 3 የፈረስ ጉልበት ኮምፕሬሰር ከ2 ኪሎ ዋት በላይ ይፈልጋል። በጠቅላላው ወደ 7 ኪሎ ዋት የሚጠጋ ነው። ከዚህም በላይ የኮምፕሬሰሩ ሞተር በሚነሣበት ቅጽበት ከተለመደው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኤሌክትሪክ ይስባል። ሁለቱ በአንድ ቀጭን ገመድ ላይ ከተጣሉ ቮልቴጁ ወርዶ መቁረጫው ይጠፋል፤ ሞተሩም ለመነሣት እየታገለ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው ራሱን የቻለ በቂ ውፍረት ያለው መሥመር መዘርጋት ያስፈልጋል። መብራት በሚቋረጥበት ቦታ ጄኔሬተር የሚገዛ ሰውም የመነሻውን ጉልበት እንጂ የሥራውን ብቻ ማስላት የለበትም።

በመጨረሻም የሰው ሕይወት ከሁሉ ይቀድማል። 8 ባር ማለት በእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ካሬ ላይ 8 ኪሎ ግራም የሚያህል ጭነት ማለት ነው። ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ የቋት ክዳን ከ5,000 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ጭነት ተሸክሞ ይውላል። ውኃው ሳይፈስስ የቀረ ቋት ከውስጥ እየዛገ ይሳሳል፤ ከውጭ ቀለሙ ቢያምርም አንድ ቀን ሊፈነዳ ይችላል። ስለሆነም አሮጌ ቋት በብየዳ ጠግኖ መጠቀም ወይም የደኅንነት ቫልቭን መድፈን ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ቆራጩ ዐይኑን ከብርሃኑ በሚከላከል መነጽር፣ ጆሮውን ከጩኸቱ በመድፈኛ፣ እጁን በቆዳ ጓንት መሸፈን አለበት። በዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ሲቆረጥ የሚወጣው ጢስ ትኩሳት ስለሚያመጣ ሥራው ነፋስ በሚያገኝ ቦታ መከናወን ይኖርበታል። ነዳጅ የነበረበትን የተዘጋ በርሜል መቁረጥም ሞትን መጥራት ነው።

ከላይ የተዘረዘረውን ስናጠቃልል ለፕላዝማ መቁረጫ ኮምፕሬሰር የሚመርጥ ሰው ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል መመለስ ይገባዋል። መቁረጫው በደቂቃ ስንት ሊትር ይፈልጋል? መኪናው በእርግጥ ስንት ሊትር ይሰጣል? የሚሠራበት ቦታ ከዚህ ላይ ምን ያህል ይቀንሳል? የቋቱ ትልቅነት፣ የቀለሙ ማማርና የዋጋው መርከስ ከእነዚህ በኋላ የሚታዩ ናቸው። አንድ ባለሙያ ያጠራቀማት ጥቂት ገንዘብ፣ በተለይም ከስደት ተመልሶ ሥራውን ከመጀመሪያው ለሚጀምር ሰው፣ ሁለት ጊዜ የምትወጣ አይደለችም። የጥንቱ ቀጥቃጭ ወናፉን የሚሠራው በምድጃው ልክ ነበር። የዛሬውም ባለሙያ ኮምፕሬሰሩን በመቁረጫውና በሚሠራበት አገር አየር ልክ ከመረጠ ገንዘቡም ድካሙም ከንቱ አይቀርም።